ወደ ግሸን ከመሳፈርዎ በፊት ስለ ፍሬኑ ይጠይቁ

መስከረም 21 ሲቃረብ የብዙ ቤት ወሬ ግሸን ነው። እናቶች ስንቅ ያሰናዳሉ፣ ልጆች ደግሞ መኪና ያፈላልጋሉ። «ስንት ሰው ይጭናል? ዋጋውስ?» የማይል የለም። «ፍሬኑ እንዴት ነው?» የሚል ግን ጥቂት ነው።

መንገዱ ይህን ጥያቄ የግድ ይላል። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመካከሉ መኪናው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ጣርማበር ተነስቶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ወደ ግሸን አምባ ሲቃረቡ ደግሞ ዳገቱና ጠመዝማዛው ይበረታል። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በዚሁ በደቡብ ወሎ ዞን አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች መሞታቸው ይታወሳል፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ።

ለመሆኑ ፍሬን እንዴት ይይዛል? ሹፌሩ ሲረግጥ የፍሬን ዘይቱ በቀጭን ቱቦ ተገፍቶ ወደ ጎማዎቹ ይደርሳል። እዚያም ሸራውን ከዲስኩ ወይም ከታምቡሩ ጋር ያጣብቀዋል። በትላልቅ አውቶቡሶች የዘይቱን ሥራ የታመቀ አየር ይሠራል። የመኪናው ሩጫ በፍትጊያው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ፍጥነቱ ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ሲያድግ፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል።

ፍሬን በድንገት በኃይል ሲረገጥ ጎማው መዞሩን አቁሞ ይንሸራተታል። የፊት ጎማ ከተንሸራተተ ደግሞ መሪ አይሰማም። ኤ.ቢ.ኤስ. የተሠራው ለዚህ ነው። በየጎማው ያለ መቆጣጠሪያ የመዞሪያውን ፍጥነት ይለካል፤ ጎማው ሊቆም ሲል ፍሬኑን በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ለቀቅ፣ ያዝ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ፔዳሉ ከእግር በታች ይንቀጠቀጣል። ሹፌሩ ደንግጦ መልቀቅ የለበትም፤ አጥብቆ እንደረገጠ መሪውን ወደሚፈልገው አቅጣጫ ይያዝ። ይህ ዘዴ በቤት መኪና ላይ በስፋት የታወቀው እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ኢ.ኤስ.ሲ. የሚባለው ተጨመረ። ይህኛው መሪው የዞረበትን አቅጣጫና መኪናው በእርግጥ የሚሄድበትን ያነጻጽራል። ሁለቱ ከተለያዩ ከአራቱ ጎማዎች የሚያስፈልገውን ብቻ ለይቶ ፍሬን ይይዝበታል፣ የሞተሩንም ጉልበት ይቀንሳል። በዳገት ጭቃ ላይ ጎማ በከንቱ እንዳይሽከረከር የሚያደርገው ሥርዓትም የዚሁ ቤተሰብ ነው። በብዙ አሮጌ ሚኒባሶች ላይ ግን እነዚህ አይገኙም።

ቢገኙም መሬቱን አይለውጡትም። ጎማው ያለቀ ከሆነ ወይም መንገዱ ጭቃ ከሆነ ኤሌክትሮኒክሱ የሌለውን መቆንጠጥ አይፈጥርም። በልቅ ጠጠር ላይ እንዲያውም ኤ.ቢ.ኤስ. ያለው መኪና ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት ሊፈጅ ይችላል፤ ጥቅሙ መሪው መታዘዙ ነው። የፍሬን መጋልንም አይከላከልም።

የረጅም ቁልቁለት ዋናው አደጋ ደግሞ ይኸው መጋል ነው። ሹፌሩ ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን ረግጦ ከወረደ ሸራው ይግላል፣ መያዙም ይደክማል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ እያረጀ ሲሄድ በቀላሉ ይፈላል፤ ያኔ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። «ፍሬን እምቢ አለው» የሚባለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ነው። መፍትሔው ቁልቁለቱ ሳይጀመር ወደ ከባድ ማርሽ መቀየርና ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዘው ማድረግ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ ወይም ሞተር አጥፍቶ መውረድ ግን ነፍስን ማስያዝ ነው።

ስለዚህ መኪና የምትከራዩ ልጆች ከዋጋው በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሸራውና ጎማው መቼ ታዩ? የፍሬን ዘይቱ ባለፉት ሁለት ዓመታት ተቀይሯል? ሹፌሩ በቂ እንቅልፍ ተኝቷል? ሞተሩ ሲነሳ ዳሽቦርዱን ተመልከቱ። የኤ.ቢ.ኤስ. ቢጫ መብራት በርቶ ካልጠፋ ተራው ፍሬን ይሠራል፤ ኤ.ቢ.ኤስ.ው ግን የለም ማለት ነው። የእጅ ፍሬን ተለቆ ሳለ ቀዩ የፍሬን መብራት ከበራ ጉዞው ይቅር። ትርፍ ሰውና ትርፍ ጭነትም ለፍሬኑ ትርፍ ሙቀት ነው።

አያቶችም ዝም አትበሉ። ቁልቁለት ላይ የሚቃጠል ነገር ከሸተታችሁ «ልጄ፣ እስቲ ቁምና ይቀዝቅዝ» በሉት። በጋለው ብረት ላይ ውሃ እንዳይደፋ አደራ፤ ሊሰነጠቅ ይችላል። የአባትና የእናት ቃል በሹፌር ዘንድ ይከበራል። በተለይ ከንግሥ መልስ፣ ሁሉም ደክሞ ለቤቱ ሲቸኩል፣ ያቺ ቃል አትለፋችሁ።