የአማዞን ዓሣ በጎጆ ብርድ

ዲስከስ የሚባለው እንደ ሳህን ክብና ጠፍጣፋ የሆነው ዓሣ አገሩ የአማዞን ተፋሰስ ነው፤ ውሃው ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሞቅለት ይሻል። ስለዚህ እንደ ጀልዱዋ ጎጆ ባለ ደጋ ከተማ ብናኖረው ዋናው ጠላታችን ብርድ ነው። ትልቅ የመስተዋት ገንዳ የምንመርጠውም ለጌጥ ሳይሆን ብዙ ውሃ ቶሎ ስለማይቀዘቅዝ ነው፤ መብራት በጠፋ ሌሊት ደግሞ ገንዳውን ጋቢ ማልበስ ነው። 300 ሊትር ውሃ ብቻውን 300 ኪሎ ይመዝናልና ተራ ጠረጴዛ አይታመንም።

ከብርዱ የሚብሰው ግን ችኮላ ነው። ከዓሣው የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው፤ ይህንን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ውስጥ እስኪበዙ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያው ባዶው ገንዳ ውስጥ ጥቂት የዓሣ ምግብ እየጣልን እንጠብቅ።

«አምቦ ውሃ ብንጨምርስ?» ለሚሉን ጓደኞቻችን፦ ዲስከስ የሚወደው ማዕድን ያልበዛበትን ውሃ ነው፤ አምቦው ለጠጪዎቹ ይተው።