ማድረቂያው ምን እያለ ነው?

መርሳ ላይ ልብስ ማድረቂያ ማሽን የሚገዛ ሰው ቢገኝ ጎረቤት ይስቅበታል። ከተማዋ ከወልድያ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳ በደሴ መንገድ ላይ ያለች ናት፤ ፀሐይ አትቸግራትም። ከሐምሌና ከነሐሴ በቀር ጠዋት የተሰጣ ልብስ እስከ ምሳ ይደርቃል። ያም ሆኖ የወረዳችን የሀብሩ ሰው ከዚህ ማሽን ጋር ሩቅ አይደለም። ከመርሳ፣ ከጊራናና ከውርጌሳ ወጥተው ሪያድና ጅዳ፣ ቤይሩትና ዱባይ ሰው ቤት የሚሠሩ ልጆቻችን በየቀኑ ይገናኙታል። በአረብኛው «ነሻፋ» ይሉታል።

የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለሥራ የሚሄድ ሰው ቢያንስ 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያለው እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ማሽን ማስነሳት ከባድ ትምህርት አይደለም። የሚያስቸግረው ማሽኑ መሀል ላይ ቆሞ፣ ጩኸት አሰምቶ፣ በትንሿ መስታወት ላይ አንድ ሁለት ፊደልና ቁጥር ሲደረድር ነው። ያን ጊዜ ማዳም «ምን አድርገሽው ነው?» ትላለች። ልጅቱ ፎቶ አንስታ በኢሞ መርሳ ላለው ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ወንድሟ ትልካለች፤ እሱም ማሽኑን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ይህ ጽሑፍ ለሁለቱም ነው።

ማሽኑ ከውስጡ ሲታይ ብዙ ምስጢር የለውም። አየር ያሞቃል፣ ልብሱን በሚሽከረከር በርሜል ያገለባብጣል፣ ሞቃቱን አየር በልብሱ መካከል እየነፋ ያሳልፋል፣ እርጥበት የጠጣውን አየር ደግሞ ያስወግዳል። ዓይነቶቹ የሚለያዩት በዚህ በመጨረሻው ላይ ነው። አንዱ እርጥቡን አየር በወፍራም ቱቦ ወደ ደጅ ይተፋዋል። ሌላው እዚያው ውስጡ አቀዝቅዞ ውኃ ያደርገውና በሚጎተት ገንዳ ያጠራቅመዋል። ሦስተኛው እንደ ፍሪጅ ኮምፕረሰር አለው፤ ያንኑ ሙቀት መልሶ መላልሶ ስለሚጠቀምበት ኤሌክትሪክ የሚፈጀው ከሌሎቹ ግማሽ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው፣ ዋጋው ግን ይወደዳል።

የትኛውም ቢሆን የሚኖረው በትንፋሽ ነው። ልብስ በተገለባበጠ ቁጥር ብናኝ ያራግፋል፤ ብናኙ በር ላይ ባለችው ወንፊት ይያዛል፣ ያመለጠው ወደ ቱቦው ወይም ወደ ማቀዝቀዣው ይገባል። ወንፊቷ ስትደፈን ማሽኑ ጭስ መውጫው እንደ ተዘጋ ማድቤት ይሆናል፦ እሳቱ አለ፣ መውጫ የለም። ሙቀቱ እየጨመረ፣ ልብሱ ግን እርጥብ እንደ ሆነ ይቀራል።

ኮዱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሰው ሁሉ የሚሳሳትበትም እዚሁ ነው፤ ኮዱን የተሰበረው ዕቃ ስም አድርጎ ይወስደዋል። ማሽኑ ግን የተሰበረውን ዕቃ አያውቅም። የሚያውቀው ሴንሰሩ የነገረውን ብቻ ነው። ለምሳሌ አንዳንድ የኤልጂ ማድረቂያዎች «ዲ 80»፣ «ዲ 90»፣ «ዲ 95» ያሳያሉ። ይህ የአየር መውጫው 80፣ 90፣ 95 በመቶ ያህል የተዘጋ መስሎ ተሰማኝ ማለታቸው ነው። እዚህ ላይ የተበላሸ ነገር የለም፤ የሚያስፈልገው መጥረጊያ ነው። የሳምሰንጉ «ዲሲ» በሩ አልተዘጋም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የአንሶላ ጫፍ በሩ ላይ ተቀርቅሮ ይገኛል። «ኤችሲ» የሙቀቱ ነገር ትክክል አይደለም የሚል ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ብናኙ ይመልሰናል።

በኤልጂ «ቲኢ 1»፣ በሳምሰንግ «ቲሲ» የሚባሉት ግን ከእነዚህ ይለያሉ። ሙቀት የምትለካዋ ትንሿ ዕቃ ቴርሚስተር ትባላለች፤ ሲሞቅ የኤሌክትሪክ መቋቋሟ ይቀንሳል፣ ሲበርድ ይጨምራል። ሽቦዋ ከተበጠሰ መቋቋሙ ወሰን ስለሌለው ማሽኑ የማይታመን ብርድ ያለ ይመስለዋል፤ ሽቦዎቿ ከተነካኩ ደግሞ የማይታመን ሙቀት። ሁለቱም ሊሆኑ ስለማይችሉ ሥራውን ያቆማል። እንዲህ ዓይነቱ ኮድ «ሞቀኝ» ማለት አይደለም፤ «ማየት አቃተኝ» ማለት ነው።

ከኮዱ ይልቅ እኔ የምተማመነው በሰዓቱ ነው። ኮዱ መቼ መጣ? ማሽኑ ቀዝቅዞ አድሮ ጠዋት ገና ሲነሣ ወዲያው ከመጣ፣ ነገሩ ከሽቦ፣ ከሴንሰር ወይም ከኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ ነው፤ ባለሙያ ይጠራል። ሀያና ሠላሳ ደቂቃ ሠርቶ፣ ሞቆ ከመጣ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው የአየሩ መንገድ ነው። ይህን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። ማሽኑ ከቀዘቀዘ በኋላ ሶኬቱን ነቅሎ አምስት ደቂቃ መጠበቅ፣ መልሶ ሰክቶ ባዶውን ማስነሳት፣ ከዚያ ሰዓት መያዝ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የጽዳት ነው። ወንፊቷ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ትጠረጋለች፤ በወር አንድ ጊዜ በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥባ በደንብ ትደርቃለች፣ ምክንያቱም የልብስ ማለስለሻ የተባለው ሽቱ ነገር በዓይን የማይታይ ሽፋን ስለሚጥልባት ብናኝ ሳይኖርባትም አየር ትከለክላለች። ይኸው ማለስለሻ በበርሜሉ አፍ ያሉትን ሁለት ቀጫጭን ብረቶችም ይለብሳቸዋል። እነዚህ ብረቶች እርጥብ ልብስ ሲነካቸው ኤሌክትሪክ በመካከላቸው ስለሚያልፍ እርጥበቱን ይለካሉ፤ ሽፋን ከያዛቸው ማሽኑ ልብሱ ሳይደርቅ «ጨርሻለሁ» ይላል። ኮድ የለውም፣ ልጅቱ ግን ትወቀሳለች። በአቸቶ በራሰ ጨርቅ መወልወል ይበቃል። ገንዳ ያለው ከሆነ ገንዳው ይደፋል። ቱቦ ያለው ከሆነ ከኋላው ተጨምቆ ወይም ታጥፎ እንደሆነ ይታያል፤ ማሽኑን ወደ ግድግዳ መግፋት ብቻውን ኮድ ያመጣል።

ስለ ቦታው አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። አቀዝቅዞ ውኃ የሚያደርገው ማሽን በዙሪያው ያለው አየር ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲሆን አምራቾቹ አብዛኛውን ጊዜ ይጽፋሉ። የባሕረ ሰላጤው በጋ ከ45 ያልፋል፤ ማሽኑ ደግሞ ሰገነት ላይ በቆርቆሮ ጓዳ ተቀምጦ ይገኛል። በዚያ ላይ የአሸዋው አቧራ አለ። ልብስ ገመድ ላይ ቢሰጣ በአንድ ሰዓት በሚደርቅበት ሰገነት ላይ ማሽን በሙቀት ታፍኖ መቆሙ ያስገርመኛል። በታሪኩ የብርድ አገር ዕቃ ነውና። አሜሪካዊው ጄ. ሮስ ሙር የኤሌክትሪክ ማድረቂያ ለመሥራት የተነሣው በሰሜን ዳኮታ ክረምት እናቱ ልብስ በውርጭ እንዳትሰጣ ብሎ ነበር፤ ማሽኑም እ.ኤ.አ. በ1938 «ጁን ዴይ» ተብሎ ገበያ ላይ ዋለ።

መነካት የሌለበት ነገርም አለ። ውስጥ ያለው የሙቀት ፊውዝ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ አንዴ ተቃጥሎ የሚቀር ነው። አንዳንድ ጠጋኝ ያልፈውና ሽቦውን በቀጥታ ያገናኘዋል፤ ማሽኑም ይነሣል። ይህን ያደረገ ሰው የቤቱን የመጨረሻ ጠባቂ ነው ያባረረው። ፊውዙ የተቃጠለው በአብዛኛው አየር ስለታፈነ ስለሆነ፣ ቱቦው ሳይጠረግ አዲስ ቢገባም መልሶ ይቃጠላል። ብናኝ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2016 ለንደን፣ ሼፐርድስ ቡሽ፣ በአንድ ባለ 18 ፎቅ ሕንፃ ላይ ቃጠሎ የደረሰው ከማድረቂያ በተነሣ እሳት ነው፤ ዊርልፑል በ2019 እስከ 500,000 የሚደርሱ ማድረቂያዎችን ከእንግሊዝ ቤቶች ለመመለስ ተገዷል። የምግብ ዘይት የጠጣ ጨርቅም ታጥቦም ቢሆን እዚያ ውስጥ አይገባም፤ ሞቆ ከተከመረ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል።

ኮንትራቷን ጨርሳ የምትመለስ ልጅ ማሽኑን በካርጎ ልላከው ብትል ምን ይባላል? የልብስ ማጠቢያው ይምጣ፤ ማድረቂያው ይቅር። ከሳዑዲ የሚመጣው በ60 ኸርዝ የተሠራ ሊሆን ይችላል፣ የእኛ መስመር 50 ነው። ተራ ሞተር ያለው ከሆነ ከስድስት አንድ እጅ ያህል ፍጥነቱን ያጣል፣ ይሞቃልም፤ ነፋሹ ሲደክም ያው የአየር ኮድ ይመጣል። ፍጆታውም ኮምፕረሰር ከሌለው አብዛኛውን ጊዜ ከ2,000 እስከ 3,000 ዋት ነው፤ ከእንጀራ ምጣዳችን ትንሽ ቢያንስ ነው። ምጣድ መብራት ሲወርድ አክንባሎው ሥር ቀስ ብሎ ይጋግራል፣ አያኮርፍም፤ ማድረቂያ ግን ቦርድ አለውና ኃይሉ ሲዋዥቅ ይቆማል። ለፍሪጅ የምንገዛው ትንሹ ስታብላይዘርም አይሸከመውም።

ልላከው ካለች ግን አንድ ኮድ ቀድማ ትወቅ። በዊርልፑልና በሜይታግ አንዳንድ ማሽኖች ላይ «ፒኤፍ» ከታየ መብራት ሄዶ መጥቷል ማለት ብቻ ነው። ማስጀመሪያውን መጫን ይበቃል።