ጸሎትና ስንቅ



የዓድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ስለ ነበረ፥ ብዙዎቹ አባቶቻችን ድሉ በሰማዕቱ ረድኤት እንደ ተገኘ ተናግረዋል። ዛሬ ግን «ድሉን ያስገኘው እምነት ነው ወይስ ዝግጅት?» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት አይታጣም። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሻ ሰው፥ ከዓድዋ ተራሮች አስቀድሞ ወደ አንኮበር ቢመለከት ይጠቀማል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በአንጎለላ ተወለዱ። የሸዋን ዙፋን ከያዙም በኋላ አንኮበር ከዋና ዋና መቀመጫዎቻቸው አንዷ ነበረች። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ የአፋርን በረሓ የሚያቋርጠው የግመል ነጋዴ ጠመንጃ እየጫነ ወደዚያ ይወጣ ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ጠመንጃ ጭኖ አንኮበር የደረሰው በዚሁ መንገድ ነው። እንግዲህ በዓድዋ የተተኮሰው መሣሪያ ለብዙ ዓመታት ሲሰበሰብ የቆየ ነበር።

በመቀሌም የሆነውን እናስተውል። በጥር ወር 1888 ዓ.ም. በምሽጉ ላይ ፊት ለፊት የተደረገው ውጊያ ብዙ ጀግኖችን ፈጀ። ጠላት ምሽጉን የለቀቀው በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውሃው ምንጭ ከተያዘበት በኋላ ነው። ወደ ግንቡ ሮጠው የወደቁት ሰዎች እምነት አልጎደላቸውም፤ የጎደለው ዘዴው ነበረ።

ይሁን እንጂ ዝግጅት ሁሉን አይገዛም። በዓድዋ የኛም ሠራዊት ስንቅ እያለቀበት ሳለ፥ ጄኔራል ባራቲዬሪ ጦሩን በሌሊት አንቀሳቀሰ። ካርታው የተሳሳተ ስለ ነበረ የአልቤርቶኔ ጦር ከሌሎቹ ተነጥሎ ወደ ፊት ገፋ። የጠላትን ስሕተት አስቀድሞ ሊያዝዝ የሚችል የጦር አለቃ የለም። አማኙ ይህን የእግዚአብሔር ሥራ ነው ቢል ማን ይከራከረዋል? ነገር ግን በዚያ ማለዳ ጥይትና ሰው በቦታው ባይገኙ ኖሮ ስሕተቱ እንዲሁ ባለፈ ነበር። ዝናብ ከሰማይ ይወርዳል፤ እህል የሚሰጠው ግን የታረሰው መሬት ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ለልጆችህ ተአምሩን ብቻ ብትነግራቸው፥ በቅሎ የነዱትን፥ ስንቅ የፈጩትንና የተሸከሙትን ሴቶችና ወንዶች ያለ ስም ታስቀራቸዋለህ፤ ልጆችህም እጃቸውን አጣጥፈው ረድኤትን መጠበቅ ይማራሉ። ጠመንጃውን ብቻ ብትነግራቸው ደግሞ፥ ያን ሁሉ ሰው ከየአገሩ አስነሥቶ በረኃብ ያጸናውን ልብ አያውቁትም። አባቶቻችን ጸሎት አድርሰው ስንቃቸውን ቋጠሩ፤ ሁለቱንም ይዘው ዘመቱ።