ቤት የሌለው አውቶሞቢል

ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የስፖርት አውቶሞቢል የገዛ ሰው፥ የሚያስገባበት ቤት ባይኖረው ምን ያድርግ? ብዙዎች ላስቲክ ያለብሱታል። ነገር ግን ላስቲክ ዝናቡን ሲከለክል ከምድር የሚወጣውን እርጥበት አፍኖ ይይዛል፤ ነፋስም ሲያወዛውዘው ቀለሙን ይፍቃል። ውኃና አየርም በብረት ላይ በተገናኙ ጊዜ ዝገት ይወለዳል። ፖርሼ 911 የሚባለውን አውቶሞቢል ሠሪዎቹ ከ1976 የፈረንጆች ዓመት ሥሪት ጀምሮ አካሉን በዚንክ የለበጡት ስለዚህ ነው። ዚንክ ግን ቀለሙንና ባትሪውን፥ ጎማውንም አይጠብቅም።

ልባም ሰው አስቀድሞ አውቶሞቢሉን አጥቦ ያደርቃል፤ የወፍ ኩስ ቀለምን ይበላልና። ከዚህ በኋላ ውኃ የማያስገባ፥ ተንን ግን የሚያስወጣ ሸራ ያለብሰዋል። በሣር ላይ ሳይሆን በደረቅ የድንጋይ ንጣፍ ላይ ያቆመዋል። ባትሪ ሥራ ፈትቶም ኃይሉ ይጎድላልና በየጊዜው ይሞላዋል። ብዙ ወር በአንድ ስፍራ የቆመ ጎማ ሸክም ባረፈበት ወገን ጠፍጣፋ ይሆናልና፥ ነፋሱን ይመለከታል፥ ጥቂትም ፈቀቅ ያደርገዋል። የእጅ ፍሬኑም ዝጎ እንዳይጣበቅ ሳይስበው ትቶ፥ ከጎማው በፊትና በኋላ ድንጋይ ያኖራል።

ልጆች ሆይ፥ ይህን አስተውሉ፤ ሌባ ሲመጣ ውሻ ይጮኻል፥ ዝገት ሲመጣ ግን የሚጮኽ የለም። ዕቃን መግዛት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ መጠበቅ ግን የየዕለቱ ነው።