ብስክሌታችንን ማን ይጠግነው?

በባሮ ወንዝ ዳርቻ የምትገኘው የጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች፣ ለብስክሌት የምትመች ሜዳማ ከተማ ናት። ይሁን እንጂ የበጋው ሙቀትና አቧራ፣ የክረምቱም ጭቃ ብስክሌትን ይፈታተናሉ። ውድ አንባብያን፣ ብስክሌት በተበላሸ ቁጥር ወደ ጠጋኝ መሄድ ይገባልን? ወይስ ራሳችን ልንሠራው እንችላለን? መልሱን ከሳይንስ እንፈልግ።

በቅድሚያ ጎማውን እንመልከት። «ፀሐይ ጎማ ያፈነዳል» ሲባል እንሰማለን። ጠዋት በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተነፋና ጠቅላላ ግፊቱ 4 ባር የሆነ ጎማ ፀሐይ ላይ ውሎ 60 ዲግሪ ቢደርስ፣ ሙቀቱ በኬልቪን ከ298 ወደ 333 ስለሚያድግ ግፊቱ ወደ 4.5 ባር ገደማ ይደርሳል። ይህ ጭማሪ ደህና ጎማን አያፈነዳም፤ ያረጀና የተሰነጣጠቀ ወይም ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ ግን ሊፈነዳ ይችላል።

የተበሳ ከመነዳሪ መለጠፍ በቤት የሚሠራ ሥራ ነው። ቀዳዳውን ውኃ ውስጥ በሚወጣው አረፋ ለይተን፣ አድርቀን በብርጭቆ ወረቀት እንፈገፍገዋለን። ማስቲሽ ከቀባን በኋላ ጥቂት ደቂቃ እንታገሥ፤ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ሳይተን ከተለጠፈ ማጣበቂያው ይላላልና። ቸኩሎ የለጠፈ ደግሞ መለጠፉ አይቀርም።

ሰንሰለትንም በማስመሪያ መመርመር ይቻላል። በሁለት ተከታታይ ዘንጎቹ መካከል ያለው ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ 24 ርቀቶች 304.8 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ልኬቱ በ3 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ሰንሰለቱ አልቋል፤ ካልተለወጠ ጥርሶቹንም ይበላቸዋል። በአቧራ ላይ ዘይት መጨመር ብረት የሚሞርድ ድብልቅ መፍጠር ስለሆነ አስቀድመን እንጥረገው።

ለባለሙያ የሚተዉ ሥራዎችም አሉ። የተሰነጠቀ አካል ብየዳን፣ የተጣመመ ቸርኬ ደግሞ የራጂዎቹን ውጥረት የሚያመዛዝን የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ፍሬን አጠራጣሪ ከሆነም በግምት አንሥራው። ፍጥነታችን በሰዓት ከ10 ወደ 20 ኪሎ ሜትር እጥፍ ሲሆን የእንቅስቃሴ ጉልበታችን አራት እጥፍ ይሆናል፤ በዚያው ፍሬን ለመቆም የሚያስፈልገን ርቀትም እንዲሁ። እዚህ ላይ የሚፈጸም ስሕተት ከገንዘብ ይልቅ ሕይወት ያስከፍላል።

ስለዚህ መለጠፉን፣ መጥረጉንና መለካቱን በቤታችን እንልመድ። ወደ ጠጋኙ ስንሄድም ብስክሌቱን ሰጥተን ከመመለስ ይልቅ ቆመን እንመልከት፤ «ይህ ለምን ሆነ?» ብለንም እንጠይቅ። የጠጋኙ ደጅ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ነው።