ከጎፋ እስከ ዓባይ በረሃ፦ የሁለት ቀን ጉዞ ምን ያሳያል?

በአዲስ አበባ ሽርሽር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ላንጋኖን ወይም ሶደሬን ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው የሚያውቀው ሌላ ዓይነት ሽርሽርም አለ። በጎፋም ሆነ በሌላው ሰፈር በቤተ ክርስቲያን በርና በታክሲ መጠበቂያ ግድግዳ ላይ «ጉዞ ወደ ደብረ ሊባኖስ፣ ደርሶ መልስ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ያላየ የለም ማለት ይቻላል። ገንዘብ ይዋጣል፣ አውቶቡስ በኮንትራት ይያዛል፣ ዳቦ ቆሎው ይቋጠራል፣ ከዚያ ንጋት 12 ሰዓት ላይ መነሳት ነው። ጊዜ ያለው ደግሞ ፍቼ ወይም ጎሐ ጽዮን አድሮ በማግስቱ እስከ ዓባይ ድልድይ ይወርዳል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መድረሻውን ማስተዋወቅ አይደለም። መድረሻውን ሁሉም ያውቀዋል። ዓላማው በመንገዱ ላይ በአውቶቡስ መስኮት የሚታየው ነገር ምን እንደሆነ ማስረዳት ነው። ደኑና ሸለቆው ሁለት የተለያዩ መስህቦች ይመስሉናል እንጂ ታሪካቸው አንድ ነው። ይህን ታሪክ ደግሞ እንዲህ በአጭር መንገድ አስተካክሎ የሚያሳይ ሌላ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

የመጀመሪያው ደን

ከጎፋ የሚነሳ አውቶቡስ ከተማዋን ከደቡብ እስከ ሰሜን ማቋረጥ አለበት። ቄራን፣ ሜክሲኮን፣ ፒያሳንና አዲሱ ገበያን አልፎ የእንጦጦን ዳገት ይያያዘዋል። እዚያ የሚታየው ደን ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ በእንጦጦ ዙሪያ የነበረው የአገር ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተቆርጦ አልቆ ነበር። ቶሎ የሚያድግና ቢቆርጡትም ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ ዛፍ ባይመጣ ኖሮ ከተማዋ እንጨት ፍለጋ ሌላ ቦታ መዛወሯ አይቀርም ነበር። ስለዚህ ባሕር ዛፍ ባለ ውለታችን ነው።

ነገር ግን አውቶቡሱ ቀስ ብሎ ዳገቱን ሲወጣ ከግንዶቹ ሥር ያለውን መሬት ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ቁጥቋጦውና ሣሩ ስስ ነው፤ የረገፈው ቅጠልም ብዙ ጊዜ ለማገዶ ይለቀማል። በዚህ የተነሳ ዝናቡ በቀጥታ አፈሩን ይመታዋል። ይህን መልክ ያዙት፣ ወደ በኋላ ከሌላ ደን ጋር እናወዳድረዋለን።

አብዛኛው ተሳፋሪ የሚያንቀላፋበት ሜዳ

ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ሙከ ጡሪ፣ ደብረ ጽጌ እያለ መንገዱ ሜዳ ለሜዳ ይሄዳል። የሰላሌ አገር ነው፤ በወተት ላሞቹ የታወቀ። ተሳፋሪው መዝሙሩን ወይም ጨዋታውን ትቶ እንቅልፍ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው፤ እውነት ለመናገር ግን መንቃት ያለበትም እዚህ ነው። የጤፉና የስንዴው ማሳ የቆመበት ጥቁር አፈር፣ ገበሬው መረሬ የሚለው፣ የዚህ ጉዞ ዋና ባለ ታሪክ ነው። ይህ አፈር የተገኘው በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ መፈራረስ ነው። በክረምት ደግሞ በየቦዩ ቀስ እያለ ይሄዳል። ወዴት ነው የሚሄደው? መልሱ ከፊት ነው።

ደብረ ሊባኖስ፦ የተጠበቀው ደን

ከአዲስ አበባ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዝን ሜዳው በድንገት ያበቃል። ሲሄዱ በቀኝ በኩል መሬቱ ተቆርጦ ትልቅ ገደል ይመጣል። ከዚህ ገደል የሚወርደው ውሃ ወደ ጀማ፣ ከጀማም ወደ ዓባይ ይገባል። ገዳሙ የሚገኘው በገደሉ ወገብ ላይ ነው።

ደብረ ሊባኖስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የተመሠረተ ገዳም ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳቱና ለበዓል የመጡ ምእመናን በጅምላ ተጨፍጭፈዋል። አሁን የሚታየው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በኋላ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራ ነው። ነሐሴ 24 ቀን ሲሆን ከየአገሩ የሚመጣው አውቶቡስ ብዛት ጉድ ያሰኛል።

በገዳሙ ዙሪያ ያለው ደን ግን ከእንጦጦው ይለያል። ወይራና የሐበሻ ጥድ አለ፤ ከሥራቸው ቁጥቋጦ፣ ሐረግና የበሰበሰ ቅጠል አለ። ዝናቡ መጀመሪያ ቅጠሉ ላይ፣ ቀጥሎ ቁጥቋጦው ላይ፣ መጨረሻ ላይ የበሰበሰው ቅጠል ላይ ያርፋል። መሬት ሲደርስ ጉልበቱ አልቋል፤ ስለዚህ አፈሩን ከመጥረግ ይልቅ ይሰርጋል። ይህ ደን እንዴት ተረፈ? አጥር ስለታጠረለት ብቻ አይደለም። ዛፍ የቤተ ክርስቲያን ልብስ ነው ስለሚባልና ያለ ፈቃድ መቁረጥ ነውር ስለሆነ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ በብዙ ቦታ ከድሮው የአገር ደን ቀርቶ የሚታየው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው ብቻ ነው።

እዚያው አካባቢ ሁለት ነገሮች ሳይታዩ አይታለፉም። አንደኛው ጭላዳ ዝንጀሮ ነው። ሣር በል ነው፣ ሌሊት ገደል ላይ ያድራል፣ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭም የትም አይገኝም። ሁለተኛው «የፖርቹጋል ድልድይ» ነው። ስሙን ሰምቶ ፖርቹጋሎች ሠሩት ብሎ የሚጽፍ ብዙ ነው፤ እንዲያውም ኖራው በሰጎን እንቁላል ተቦካ ይባላል። ድልድዩ ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን በራስ ዳርጌ የተሠራ ነው። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከስሙ ብቻ ተነስቶ መጻፍ ምን ያህል እንደሚያሳስት የምንማርበት ጥሩ ምሳሌ ይመስለኛል።

ወደ ዓባይ መውረድ

ፍቼን፣ ገብረ ጉራቻንና ቱሉ ሚልኪን አልፎ፣ ከአዲስ አበባ 185 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጎሐ ጽዮን ይደረሳል። ከዚህ እስከ ማዶ ደጀን መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አሞራ ቢሆን ግን ከዚያ በጣም ባነሰ ይደርስ ነበር። አውቶቡሱ በከባድ ማርሽ ይወርዳል፣ የፍሬን ሸራ ይሸታል፣ ጆሮ ይደፈናል። ከደጋ የተነሳ ሰው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ቆላ ይገባል። ጋቢ ለብሶ የተነሳ ሁሉ ሹራቡን ሳይቀር ያወልቃል።

የመንገዱ ግድግዳ ራሱ መጽሐፍ ነው። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ። ዝቅ ሲሉ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ያ አካባቢ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ባሕር እንደነበረ የሚመሰክረው እሱ ነው። ቀጥሎ የጄሶ ድንጋይና በቀላሉ የሚፈርስ ንጣፍ፣ ከታች ደግሞ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ይታያል። መንገዱ በየጊዜው የሚሰነጠቀውና የሚንሸራተተው ከሥሩ ያለው መሬት ስለማይረጋ ነው። ወንዙን የሚያሻግረው አዲሱ የህዳሴ ድልድይ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በፈረንጆቹ 2008 የተመረቀ ሲሆን 303 ሜትር ርዝመት አለው። አሮጌው ድልድይም ከጎኑ ይታያል።

ውሃውን ተመልከቱት። በጥር ከሆነ ጠርቶ ታገኙታላችሁ። በነሐሴ ግን ቡና የመሰለ ነው። ያ ቀለም አፈር ነው። የሰላሌ መረሬ፣ የጎጃም ማሳ፣ የተራቆተው ተዳፋት ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ጠዋት በመስኮት ያየነው ማሳ ሸሽቶ ሲሄድ የምናየው እዚህ ነው።

ምን አገባን?

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። ዛሬ ግን ዓባይ ማደሪያ አለው። ታላቁ የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ማደሪያ ያገኘ ወንዝ ደግሞ የያዘውን እዚያው ያራግፋል። ድሮ አፈራችን ሱዳንና ግብፅ ሄደ ብለን ነበር የምናዝነው። ከእንግዲህ ገበሬው ከማሳው ያጣው አፈር ብዙው የገዛ ግድባችን ሆድ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ከላይ ያለው ደን ጉዳይ የመነኮሳቱ ወይም የሰላሌ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ጎፋ ቁጭ ብሎ መብራት የሚያበራውንም ይመለከታል።

የሚያሳዝነው ይህን በዓይን ማየት ከባድ እየሆነ መምጣቱ ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ግጭት ተቀስቅሷል። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የሚመለሱ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ መታገታቸው ሁላችንንም አስደንግጧል። ስለዚህ ማንም ጉዞ ከማሰናዳቱ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከቅርብ ሰው ማጣራት አለበት፤ እያጣጣሩ ነፍስን አደጋ ላይ መጣል አያስፈልግም። መንገዱ ካላመቸ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን አለ። ይህን ደን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ሸለቆውን ባያሳይም የተጠበቀ ደን ምን እንደሚመስል ያሳያል።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ግን ምክሬ አጭር ነው። ሲሄዱ በቀኝ በኩል መስኮት አጠገብ ተቀመጡ፣ ከደብረ ጽጌ በኋላ አትተኙ፣ ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ጠባቂዎቹን ጠይቁ፣ የውሃውንም ቀለም በማስታወሻችሁ ላይ ከነወሩ ጻፉ።