የደም ግፊት ልጥፍ መድኃኒት

ደም ግፊት ያደረበት ሰው ልቡና ኩላሊቱ በስውር እየተጎዱ ሳለ ራሱን እንደ ጤነኛ ስለሚቆጥር፣ በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በበበቃ የቡና ምድር የሚኖረው ለቃሚ ጎሕ ሲቀድ ወጥቶ በምሽት ሲመለስ የዕለት ኪኒኑን ቢዘነጋ ሊፈረድበት አይገባም፤ የሚያስታውሰው ሥቃይ የለምና። ይህን የሰው ባሕርይ የተረዱ የመድኃኒት ጠበብት በቆዳ ላይ ተለጥፎ ሳምንት የሚያገለግል መድኃኒት አዘጋጅተዋል።

ክሎኒዲን የተባለውን መድኃኒት የያዘው ይህ ልጥፍ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ ፀጉር በሌለው የደረት ወይም የላይኛው ክንድ ቆዳ ላይ ተለጥፎ 7 ቀን ይቆያል። ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆንም ንብርብር አለው፤ ከላይ ሽፋኑ፣ ከሥሩ የመድኃኒቱ ማኅደር፣ ቀጥሎ ፍሰቱን የሚመጥነው ስስ ገለፈት፣ በመጨረሻም ማጣበቂያው። መድኃኒቱ ከማኅደሩ ጥቂት በጥቂት ወጥቶ በቆዳ ሰርጾ ደም ውስጥ ይገባል፤ ወደ አንጎልም ደርሶ ደም ሥሮችን የሚያጠብቡትን የነርቭ ትእዛዛት ያለዝባል። ኃይሉ ግን የሚታወቀው ከ2 እስከ 3 ቀን ቆይቶ ነው።

ታላቁ ፈተና ቆዳ ራሱ ነው። የላይኛው ስስ ሽፋኑ፣ ከወረቀት የሚቀጥን ሆኖ ሳለ፣ ባዕድ ነገርን ሁሉ እንዲከለክል የተፈጠረ ስለሆነ፣ የሚያሳልፈው ቅንጣቱ ረቂቅ የሆነውን፣ ከስብ ጋር የሚስማማውንና በትንሽ መጠን የሚበቃውን ብቻ ነው። ክሎኒዲን በቀን ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊ ግራም ስለሚበቃ ያልፋል፤ ሕዝባችን አዘውትሮ የሚውጣቸው አምሎዲፒንና ኢናላፕሪል ግን ብዙ እጥፍ መጠን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ተመራማሪዎች ቆዳን የሚያለዝቡ ቅመሞችንና ሥቃይ የማያመጡ ረቂቃን መርፌዎችን ይሞክራሉ።

በእኔ አስተያየት የዛሬው ልጥፍ ፍጹም አይደለም፤ ቆዳን ያሳክካል፣ ክሎኒዲንም በድንገት ሲቋረጥ ግፊቱ ከቀድሞው ይብስ ዘንድ ይችላል። በቴፒ ወበቅና ላብ መካከል ተላቅቆ ቢወድቅ አደጋው ቀላል አይሆንም። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ መምህራን ማጣበቂያውን በዚህ አየር ንብረት ቢመረምሩት ለአገርም ለወገንም ይበጃል። አንባቢ ሆይ፣ እስከዚያው ድረስ ግፊትህን ተለካ፤ የታዘዘልህንም ኪኒን ያለ ሐኪም ፈቃድ አታቋርጥ።